ትኬቱን ዛሬ ልቁረጥ ወይስ ልጠብቅ?

ኦረን ኤትዚዮኒ የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮፌሰር ነው። ለወንድሙ ሠርግ ከሲያትል ወደ ሎስ አንጀለስ መብረር ነበረበት። ጠንቃቃ ሰው ነውና ትኬቱን ከወራት በፊት ቆረጠ። አውሮፕላኑ ላይ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው "አንተ በስንት ቆረጥክ?" ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ትኬቱን የገዛው ከእሱ በጣም ዘግይቶ ነበር። የከፈለው ግን በጣም ያነሰ። ኤትዚዮኒ አላመነም፤ ሌሎችንም ጠየቀ። አብዛኞቹ ከእሱ ያነሰ ነው የከፈሉት።

እኛ ብንሆን ሁለት ቀን ተብከንክነን እንረሳው ነበር። እሱ ግን ቂም ያዘ። ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ41 ቀናት ውስጥ ከኢንተርኔት የተለቀሙ ከ12,000 በላይ ዋጋዎችን ለኮምፒውተር መገበና "አሁን ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?" ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም ሠራ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ታተመ። ሐሳቡ አድጎ ፌርካስት የሚባል ኩባንያ ሆነ፤ ኩባንያውን ማይክሮሶፍት በ2008 ገዛው።

ከዚህ ታሪክ እኔን የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። ያ ፕሮግራም ዋጋው ለምን እንደሚወጣና ለምን እንደሚወርድ ምንም አያውቅም ነበር። ቁጥሮቹን አይቶ ይተነብያል፣ በቃ። እኛ ደግሞ በተገላቢጦሽ ነን። ያን ሁሉ ቁጥር የምናገኝበት መንገድ የለንም፤ ምክንያቱን ግን ማወቅ እንችላለን። ምክንያቱን ያወቀ ሰው "ማክሰኞ ሌሊት ግዛ" የሚል ምክር ሲሰማ ቶሎ አይሸወድም።

ወንበሩ አንድ፣ ዋጋው ብዙ

180 መቀመጫ ያለው አንድ አውሮፕላን እናስብ። ቢዝነስ የለውም፤ ሁሉም ኢኮኖሚ ነው። ወንበሩ ያው ወንበር፣ እግር ማስቀመጫው ያው ጠባብ። ሽያጩ ላይ ግን እነዚህ 180 ወንበሮች በፊደል ተከፋፍለዋል። ዋይ፣ ቢ፣ ኤም፣ ኤች፣ ኬ፣ ኤል፣ ኪው እያለ ይቀጥላል። ዋይ ብዙ ጊዜ ሙሉ ዋጋ የሚከፈልበት ኢኮኖሚ ነው። የቀሩትን እያንዳንዱ አየር መንገድ በራሱ ቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል። ትኬት ቢሮ ሄዳችሁ "ርካሹ ክላስ አልቋል" ተብላችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ያለቀው ከነዚህ ፊደላት አንዱ ነው። አውሮፕላኑ ገና ግማሹ ባዶ ሊሆን ይችላል።

እያንዳንዱ ክላስ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። አንዱ ከጉዞው 21 ቀን በፊት ካልተቆረጠ አይሸጥም። ሌላው 14 ቀን ይላል፣ ሌላው 7። አንዳንዱ ቅዳሜን እዚያው አድረህ ካልተመለስክ አልሰጥህም ይላል። ይህ የቅዳሜ ነገር ለብዙ ሰው እንቆቅልሽ ነው፤ ዓላማው ግን ቀላል ነው። ለሥራ የሚሄድ ሰው ዓርብ ማታ ቤቱ መግባት ይፈልጋል። ለመዝናናት የሚሄደው ቅዳሜን እዚያ ለማደር ግድ የለውም። ሕጉ ሁለቱን የሚለይ ወንፊት ነው።

ስለዚህ ርካሹ ክላስ በሁለት መንገድ ከእጃችን ያመልጣል። ወይ የተመደበለት መቀመጫ ተሸጦ ያልቃል፣ ወይ ቀኑ ያልፍበታል። ትናንት 300 የነበረ ትኬት ዛሬ ጠዋት 380 ሆኖ ያገኛችሁት እንደሆነ ወደ ካላንደሩ ሄዳችሁ ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ ጉዞው ልክ 20 ወይም 13 ወይም 6 ቀን ቀርቶታል። ማንም ሆን ብሎ እናንተን አልጎዳም። ቀኑ ነው ያለፈው።

ለየክላሱ የተመደበው የመቀመጫ ቁጥር ቋሚ አይደለም። ኮምፒውተሩ ሽያጩን እያየ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ እንደገና ይከፍታል። ዛሬ የተዘጋ ርካሽ ክላስ ከሳምንት በኋላ ሊከፈት የሚችለው ለዚህ ነው። የኤትዚዮኒ ጎረቤቶች ያገኙት ቅናሽ ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

የሊትልውድ ሂሳብ

አየር መንገዱ ይህን መክፈትና መዝጋት የሚወስነው እንዴት ነው? መልሱ ከሃምሳ ዓመት በፊት የተጻፈ አንድ ሂሳብ ላይ አለ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቦአክ የሚባለው የብሪታንያ አየር መንገድ (የዛሬው ብሪቲሽ ኤርዌይስ) ከ21 ቀን በፊት ለሚቆርጡ ሰዎች ቅናሽ ማድረግ ጀመረ። ባዶ ይሄዱ የነበሩ ወንበሮች ገንዘብ ሆኑ። ነገር ግን ወዲያው ራስ ምታት መጣ። በቅናሽ ብዙ መቀመጫ ከሸጥክ መጨረሻ ላይ ሙሉ ዋጋ ሊከፍል የመጣውን ሰው "ሞልቷል" ብለህ ትመልሰዋለህ። ጥቂት ብቻ ከሸጥክ ደግሞ አውሮፕላኑ ባዶ ወንበር ተሸክሞ ይነሳል። የተነሳ አውሮፕላን ላይ ያለ ባዶ ወንበር እንደ ትናንት ጋዜጣ ነው፤ ማንም አይገዛውም።

በ1972 የዚያው አየር መንገድ ባልደረባ ኬን ሊትልውድ አንድ ቀላል ሕግ አወጣ። በምሳሌ ልንገራችሁ። አንድ መቀመጫ ቀርቷል እንበል። ርካሹ ዋጋ 100 ዶላር፣ ውዱ 400 ዶላር ነው። አሁን አንድ ሰው 100 ይዞ በር ላይ ቆሟል። ይሸጥለት?

ሊትልውድ የሚለው ይህን ነው። በኋላ 400 የሚከፍል ሰው የመምጣቱ ዕድል 25 በመቶ ከሆነ፣ መጠበቅ ዋጋው በአማካይ 100 ነው። 400 በ25 በመቶ ሲባዛ 100 ይመጣልና። ዕድሉ ከዚያ በላይ ከሆነ ጠብቅ፣ በታች ከሆነ ሽጥለት። 30 በመቶ ከሆነ መጠበቁ 120 ያወጣል፤ ስለዚህ የ100ው ሰውዬ ይመለሳል። ይህንኑ ጥያቄ ለአንዱ መቀመጫ ብቻ ሳይሆን ለሁለተኛው፣ ለአሥረኛው፣ ለሠላሳኛው ጠይቁ። ዘግይቶ የሚመጣ አንድ ሰው አይጠፋም። ሠላሳ መምጣታቸው ግን ያጠራጥራል። በመሃል አንድ ቦታ ላይ ዕድሉ ከ25 በመቶ በታች ይወርዳል። እስከዚያ ያሉት መቀመጫዎች ለውዱ ይቀመጣሉ፤ የተረፉት በርካሽ ይለቀቃሉ።

ዛሬ ያሉት ፕሮግራሞች በጣም የተራቀቁ ናቸው። ሁለት ዋጋ ሳይሆን አስራ ምናምን ዋጋ ያወዳድራሉ፤ ቀጥታ የሚሄደውን መንገደኛና በትራንዚት የሚያልፈውን አንድ ላይ ያሰላሉ። ነፍሱ ግን ያው ነው። ስክሪናችሁ ላይ ያለው ዋጋ "ከእናንተ በኋላ ማን ይመጣል?" ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ ግምት ነው። ግምቱ ሲስት ይታረማል። መንገደኛ ካሰቡት በላይ ቶሎ ከመጣ ዋጋው ይወጣል፤ ከቀዘቀዘ ይወርዳል።

በአሜሪካ ደግሞ ነገሩ ወደ ጦርነት አድጓል። እዚያ እስከ 1978 ድረስ የአገር ውስጥ ትኬት ዋጋ የሚወስነው አንድ የመንግሥት ቦርድ ነበር። በዚያ ዓመት ኦክቶበር 24 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ቁጥጥሩን የሚያነሳውን ሕግ ፈረሙ። በ1981 ፒፕል ኤክስፕረስ የሚባል ርካሽ አየር መንገድ መጣና ገበያውን አናወጠው። አሜሪካን ኤርላይንስ በሮበርት ክራንዳል መሪነት በጃንዋሪ 1985 ምላሽ ሰጠ። ዋጋውን ከተፎካካሪው እኩል አወረደ፤ ግን ለሁሉም መቀመጫ አይደለም። ቀድመው ለሚቆርጡና ገንዘቡ ባይመለስላቸውም ለሚስማሙ ብቻ። የቀሩትን መቀመጫዎች ዘግይቶ ለሚመጣው ባለጉዳይ በሙሉ ዋጋ አስቀመጠ። ፒፕል ኤክስፕረስ እንዲህ አድርጎ መቀመጫ የሚለይበት ሥርዓት አልነበረውም። በ1987 ኮንቲኔንታል ውስጥ ተዋጠና ስሙ ጠፋ። ሌሎቹ አየር መንገዶች ትምህርቱን ለመቅዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም።

"በመጨረሻ ሰዓት ይረክሳል" የሚለው ተስፋ

ከሁሉም በላይ ኪስ የሚጎዳው እምነት ይህ ነው። ባዶ ወንበር ከሚሄድ በሃምሳ ዶላር ቢሸጡት አይሻልም? ለአንድ በረራ ከሆነ አዎ፣ ይሻላል። ለዓመቱ ሁሉ ግን አይሻልም። ሕዝቡ "የመጨረሻው ቀን ይረክሳል" ብሎ አንዴ ካወቀ ቀድሞ የሚገዛ ሰው ይጠፋል። በመጨረሻው ሳምንት የሚመጣው ደግሞ በአብዛኛው ምርጫ የሌለው ሰው ነው። ድንገት ስብሰባ የተጠራ፣ ዘመድ የሞተበት፣ የቪዛው ወረቀት ዘግይቶ የደረሰው። እንዲህ ያለው ሰው ዋጋ አይከራከርም፤ አየር መንገዱም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

በመጨረሻ ሰዓት በእርግጥ የሚረክስ አንድ ዓይነት በረራ አለ። ለሽርሽር ተብሎ ከሆቴል ጋር አብሮ የሚሸጥ የቻርተር በረራ ነው። ነጋዴው አውሮፕላኑንም ሆቴሉንም አስቀድሞ ተከራይቷል፤ በሥራ ጉዳይ ዘግይቶ የሚመጣ ደንበኛም የለውም። ስለዚህ የቀረውን ያራግፋል። የሰማችሁት ተረት ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ለመደበኛ በረራ ግን ተስፋ አታድርጉበት።

ማክሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ማክሰኞ

"ትኬት ማክሰኞ ይረክሳል።" ይህን ያልሰማ የለም። እኔም በዘመኔ ማክሰኞ ሌሊት ስድስት ሰዓት ድረስ ተቀምጬ ጠብቄያለሁ። ያተረፍኩት እንቅልፍ ማጣት ነው።

ተረቱ መነሻ አለው። አየር መንገዶች ዋጋቸውን በጋራ ወደሚጠቀሙበት አትፕኮ ወደሚባል የዋጋ ማከማቻ ይልካሉ፤ ከዚያ ለትኬት ሻጮች ሁሉ ይሰራጫል። በፊት ይህ ይሆን የነበረው በቀን ውስጥ በተወሰኑ ሰዓታት ብቻ ነበር። አንዱ አየር መንገድ ሰኞ ማታ ቅናሽ ይለቃል። ተፎካካሪዎቹ ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብተው ያዩታል። እነሱም ያወርዳሉ። ማክሰኞ ከሰዓት ሁሉም ጋ ርካሽ ትኬት ይገኛል። ለተወሰነ ጊዜ ያህል እውነት ነበር ማለት ነው። አሁን ዋጋ የሚያወጣውና የሚያወርደው በአብዛኛው ኮምፒውተር ስለሆነ ሰኞና ማክሰኞ አይለይም። እኛ ግን ምክሩን ለልጅ ልጅ እያወረስን ቀጠልን። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ።

ጎግል በ2022 ያወጣው ትንታኔ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ከአሜሪካ የሚነሱ ጉዞዎችን የአምስት ዓመት ዋጋ አይቶ ነው። ትኬቱን ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ የገዛ ሰው ቅዳሜና እሁድ ከገዛው ያተረፈው በአማካይ ከ2 በመቶ በታች ነው። ሰኞ፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ የበረረ ሰው ግን ቅዳሜና እሁድ ከበረረው በአማካይ 12 በመቶ ያነሰ ከፍሏል። ልዩነቱን ተመልከቱ። ጉዳዩ በየትኛው ቀን እንደምትገዙ ሳይሆን በየትኛው ቀን እንደምትበሩ ነው።

ስለዚህ የመግዣ ቀን ስትጠብቁ የምታጠፉትን ጊዜ የጉዞ ቀን በማሸጋሸግ ላይ አውሉት። አንድ ቀን ወደፊት፣ አንድ ቀን ወደኋላ። የማለዳውን በረራ እዩ፤ የሌሊቱን እዩ። በአቅራቢያ ሌላ ኤርፖርት ካለ እሱንም ሞክሩ። ትራንዚት ካላስቸገራችሁ እሱም ያረክሳል። ቀጥታ በረራ ምቾት ስለሆነ ምቾቱን አብረው ያስከፍላሉ፤ በትራንዚት የሚወስደው አየር መንገድ ደግሞ እናንተን ከቀጥታው ለመንጠቅ ዋጋ ማውረድ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ትራንዚቱን ራሳችሁ ከሁለት የተለያዩ ትኬቶች ከሰፋችሁት፣ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ሁለተኛው አየር መንገድ አያውቃችሁም። ለእሱ ቀርታችኋል ማለት ነው። በአንድ ትኬት ላይ ያለ ትራንዚት ከሆነ ግን በሌላ በረራ ማድረስ የእነሱ ኃላፊነት ነው።

ታዲያ መቼ?

አብዛኞቹ ትልልቅ አየር መንገዶች መቀመጫ መሸጥ የሚጀምሩት ከበረራው 11 ወር ገደማ ሲቀረው ነው። በመጀመሪያው ቀን የገዛ ሰው በርካሽ የገዛ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ አይደለም። በዚያ ሰዓት አየር መንገዱ ስለዚያ በረራ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ለመቸኮልም ምክንያት የለውም። ስለዚህ መካከለኛ ዋጋ ለጥፎ ይቀመጣል። በሚቀጥሉት ወራት ፉክክሩ ይጀምርና ርካሾቹ ክላሶች ከፈት ዘጋ ይላሉ። ሦስት ሳምንት ግድም ሲቀረው የ21 ቀኑ በር ይዘጋል። ቀጥሎ የ14ቱ፣ ከዚያ የ7ቱ። ከዚህ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው።

ከዚህ ተነስቼ የምሰጠው ግምት እንዲህ ነው። ለአጭር በረራ ከአንድ እስከ ሦስት ወር፣ አህጉር ለሚሻገር ረጅም በረራ ከሁለት እስከ ስድስት ወር። ሰፊ ነው፣ አውቃለሁ። "በ47ኛው ቀን ግዙ" የሚል ምክር ይበልጥ ያጓጓል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቁጥር የብዙ ሚሊዮን ትኬቶች አማካይ ነው። የእናንተ በረራ አማካይ አይደለም፤ አንድ የታወቀ መንገድ፣ አንድ የታወቀ ቀን ነው።

ስለዚህ ቀን ከመቁጠር ይልቅ የሊትልውድን ጥያቄ ጠይቁ። ይህን ወንበር ሌላ ማን ይፈልገዋል? መቼስ ይመጣል?

የዲሴምበር መጨረሻ ከሆነ ሁሉም ሰው ይፈልገዋል። የሐጅ ሰሞን፣ በምሥራቅ እስያ የጨረቃ አዲስ ዓመት፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ሳምንት እንዲሁ ነው። እንዲህ ባለ ሰሞን ኮምፒውተሩ ውድ ከፋይ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ርካሹን ክላስ ጭራሽ ላይከፍተው ይችላል። እዚህ ላይ መጠበቅ ቁማር ነው፤ ያውም የሚበላ። ግማሽ ዓመት ቀደም ብሎ መቁረጥ አይበዛም። መንገደኛ በማይበዛበት ወር፣ ማክሰኞ ቀን፣ አራት አየር መንገድ በሚፎካከርበት መስመር የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ተረጋጉ። እዚያ ጊዜው የእናንተ ነው። በአንጻሩ መስመሩን አንድ አየር መንገድ ብቻ ከያዘው ዋጋ የሚያወርድበት ምክንያት አይኖረውም፤ ብትጠብቁት ያው ነው።

እንደ ራያንኤርና ኢዚጄት ያሉት ርካሽ አየር መንገዶች ጠባያቸው ለየት ይላል። እያንዳንዱን ጉዞ ለየብቻ ይሸጣሉ፤ ደርሶ መልስ ስለቆረጣችሁ የምታተርፉት ነገር የለም። ዋጋቸው በአብዛኛው ከታች ተነስቶ መቀመጫ በተሸጠ ቁጥር ወደ ላይ ይወጣል። እዚያ ቀድሞ መቁረጥ ያዋጣል። ብቻ ከመክፈላችሁ በፊት ሻንጣውን፣ የመቀመጫ ምርጫውን፣ ሌላውንም ደምሩ። ከተደመረ በኋላ ከትልቁ አየር መንገድ የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

ኮምፒውተሩ እየሰለለኝ ነው?

"ሁለተኛ ጊዜ ስፈልገው ዋጋው ጨመረ። አውቀውብኛል!" ይህን የሚሉ ሰዎች ብሮውዘራቸውን በድብቅ ሞድ ከፍተው ይፈልጋሉ። መሞከሩ አይጎዳም። ነገር ግን ዋጋው የዘለለበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ወይ በመሃል ሌላ ሰው የመጨረሻዋን ርካሽ ወንበር ወስዷታል። ወይ ድረ ገጹ መጀመሪያ ያሳያችሁ ከሰዓታት በፊት ያስቀመጠውን ዋጋ ነው፤ ልትከፍሉ ስትሉ እውነተኛውን ሄዶ ጠየቀ።

ከድብቅ ሞድ የተሻለ ዘዴ ልንገራችሁ። ለቤተሰብ ስትፈልጉ ሥርዓቱ ለሁላችሁም የሚበቃ መቀመጫ ያለበትን ክላስ ይፈልጋል። አራት ሰው ናችሁ፤ በርካሹ ክላስ የቀረው ሦስት መቀመጫ ነው እንበል። ሦስቱን በርካሽ፣ አንዱን በውድ ብሎ አይከፋፍልም። አራታችሁንም ወደ ውዱ ያወጣችኋል። ስለዚህ አንዴ ለአንድ ሰው ብቻ ፈልጉና አወዳድሩ። ልዩነት ካለ ለሁለት ከፍላችሁ መቁረጥ ትችላላችሁ። ጉዳቱ፣ በረራው ቢሰረዝ እንደ ሁለት የማይተዋወቁ መንገደኞች ነው የሚያዩዋችሁ። ሕፃን ልጅ ይዞ ለሚሄድ እኔ አልመክረውም።

ሂሳቡን ለራሳችን

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ዋጋ አይታችኋል፤ 600 ዶላር። ጣታችሁ "ክፈል" የሚለው ላይ ነው። ቆይ፣ ነገ ይወርድ ይሆናል የሚል ሐሳብ መጣ።

አየር መንገዱ በእናንተ ላይ የሚሠራውን ሂሳብ እናንተም ሥሩበት። ቢወርድ ስንት ይወርዳል? በዚህ መስመር ላይ ለጥቂት ሳምንታት ዋጋውን ካያችሁት ታውቁታላችሁ። 540 ድረስ እንበል፤ ትርፉ 60 ነው። ቢወጣስ? ክላሱ ከተዘጋ 850 ይገባል እንበል፤ ኪሳራው 250። አሁን ለራሳችሁ አድሉና የመውረዱ ዕድል 75 በመቶ ነው በሉ። 60 በ75 በመቶ 45 ነው። 250 በ25 በመቶ 62.50 ነው። ከአራት ሦስት ጊዜ ትክክል እየሆናችሁም መጠበቁ ያከስራችኋል!

ይህ ሂሳብ ሁልጊዜ "ግዛ" አይልም። ጉዞው አምስት ወር ከቀረው የመውጣቱ ኪሳራ ትንሽ ነው፤ የሚወርድበት ጊዜም ገና ብዙ ነው። ያኔ ጠብቁ። ሁለት ወር ከቀረው ተጠንቀቁ። 24 ቀን ከቀረው ደግሞ የ21 ቀኑ በር ሊዘጋ ሦስት ቀን ብቻ ቀርቶታል፤ ቁረጡና ተገላገሉ።

ለዚህ የሚያስፈልገው የመስመሩን ተራ ዋጋ ማወቅ ነው። ጎግል ፍላይትስ ላይ መስመራችሁንና ቀናችሁን አስገብታችሁ የዋጋ መከታተያውን አብሩት። ሲለወጥ ኢሜይል ይልክላችኋል፤ ዋጋው ለዚያ መስመር ውድ ይሁን ርካሽም ይነግራችኋል። ከጉዞው ከብዙ ወራት በፊት ጀምሩት። ከዚያ አንድ ቁጥር ለራሳችሁ ወስኑ። "ከ580 በታች ካየሁ አልጠይቅም፣ እቆርጣለሁ።" ቁጥሩን አስቀድሞ ያልወሰነ ሰው ሲወርድ "ገና ይወርዳል" ይላል፤ ሲወጣ "ወደ ትናንቱ ይመለሳል" ይላል። ሁለቱም ጊዜ አይገዛም።

ከገዙ በኋላም ሁሉ ነገር አላለቀም። ወደ አሜሪካ፣ ከአሜሪካ ወይም እዚያው ውስጥ ለሚደረግ በረራ የአገሪቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ያወጣው ሕግ አለ። ጉዞው ሰባት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከቀረው፣ ከአየር መንገዱ በቀጥታ የገዛችሁትን ትኬት በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ ትችላላችሁ። አየር መንገዱ ከዚህ ይልቅ ሳያስከፍል ለ24 ሰዓት ዋጋውን መያዝም ይፈቀድለታል። ሌላ ቦታም በራሳቸው ፈቃድ ይህን የሚያደርጉ አየር መንገዶች አሉ። ስለዚህ ከቆረጣችሁ በኋላ ለአንድ ቀን ዋጋውን ማየት ሞኝነት አይደለም። ኮቪድ ከመጣ በኋላ ደግሞ በ2020 ትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች በአብዛኛው ትኬታቸው ላይ የነበረውን የመቀየሪያ ቅጣት አነሱ፤ ቤዚክ ኢኮኖሚ የሚባለው ርካሹ ዓይነት ግን ብዙ ጊዜ አይካተትም። ቅጣት የሌለው ትኬት ከያዛችሁ፣ ዋጋው ሲወርድ ወደ አዲሱ ቀይራችሁ ልዩነቱን ለሚቀጥለው ጉዞ በክሬዲት መልክ መያዝ ይቻል ይሆናል። ሕጉን አንብቡት።

ቪዛ ገና ያልወጣለት ሰው ጉዳይ ለብቻው ነው። ለእሱ መቼ ይቁረጥ ከሚለው በፊት ምን ዓይነት ትኬት ይቁረጥ የሚለው ይቀድማል። ቪዛው ቢከለከል የማይመለስ ትኬት ገንዘብ ይጠፋል፤ ኤምባሲዎች ቪዛው ሳይወጣ ትኬት አትግዙ ብለው የሚመክሩትም ለዚህ ነው። መጠበቅ የማይቻል ከሆነ ገንዘቡ የሚመለስበትን ትኬት ዋጋ እዩ። የማይመለሰው 500፣ የሚመለሰው 600 ነው እንበል። ቪዛው የመከልከሉ ዕድል ከስድስት አንድ ከሆነ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ የ600 አንድ ስድስተኛ 100 ነውና። ዕድሉ ከዚያ ይበልጣል ብላችሁ ከሠጋችሁ ውዱ ትኬት ነው ርካሹ።